ስለ አንድ የሚሸጥ ላቫጆ

በሬ ሊገዛ ገበያ የወጣውን ገበሬ ቆሞ የተመለከተ ሰው ስለ መግዛት ብዙ ነገር ይማራል። ገበሬው የበሬውን ጥርስ ከፍቶ ያያል፤ ጫንቃውን ይዳብሳል፤ ጥቂት ያስኬደውና እግሩን ያስተውላል፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሻጩ ዞር ብሎ «ለምን ትሸጠዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ደኅና የሚያርስ በሬ ያለ ምክንያት ገበያ አይወጣምና። ዳሩ ግን የዚሁ ገበሬ ልጅ ከተማ ገብቶ፣ ተምሮ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ሊገዛ ሲነሣ የአባቱን ጥበብ ይረሳና በደላላ ቃል ብቻ ኪሱን ይፈታል። የሚገዛው ነገር በዓይን የማይታይ ስለ ሆነ ይመስለኛል። የበሬ ጥርስ ከፍተው ያዩታል፤ የንግድ ጥርስ ግን ወዴት ነው?

ወጣት አንባቢዎቼ፥ ይህንን ጥያቄ በባዶው ከምተነትንላችሁ በቅርቡ በዓይኔ ያየሁትን ነገር ብነግራችሁ ይሻላል።

የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመት በቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣና ብዙዎቹ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው፣ እንደ ብዙዎቹ እህቶቿ እሷም አገሯ ገባች። ከእነዚያ ከብዙዎቹ የምትለየው በአንድ ነገር ነው፤ በየጊዜው የላከችውን ገንዘብ እናቷ ሳትነካ አስቀምጣላት ነበር። ከዚያ ወዲህም በአንድ ልብስ ቤት ተቀጥራ፣ ዕቁብ እየጣለች ጨመረችበትና ገንዘቡ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ደረሰ። የሰው ወለልና መስኮት ያጠበችበት ገንዘብ ነው። እንግዲህ በኅዳር ወር አንድ ቀን ማታ ወደ ቤቴ መጣችና «ጋሼ፥ ልደታ አንድ ላቫጆ ይሸጣል። የጎደለውን ከዘመድ ተበድሬ ልገዛው ነው፤ እስቲ አብረውኝ ይዩት» አለችኝ።

ላቫጆ ማለት የመኪና እጥበት ቤት መሆኑን የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ቃሉ ጎማ የሚጠግነውን ጎሚስታ እንደምንለው ሁሉ ከጣሊያን አፍ የወሰድነው ነው። ልደታም ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰፈር ነው። ከቦሌ በፊት አውሮፕላን ያርፍ የነበረው በዚያ ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. ግድም አሮጌው መንደር መፍረስ ጀምሮ በቦታው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ፎቆች ቆመውበታል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቀላል ባቡሩ ከሜክሲኮ በተግባረ እድ በኩል ወደ ልደታና ወደ ጦር ኃይሎች ይሄዳል። በዚህ ላይ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ በዚያ ስላለ፣ ጠበቃውና ባለጉዳዩ ቀጠሮው እስኪደርስ መኪናውን ለአጣቢ ሰጥቶ ይገባል። ደላላውም ይህንኑ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደልን።

ዋጋው 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ነው ተባለ። ሻጩ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ፣ ንግግራቸው የታረመ ሽማግሌ ናቸው። ሒሳባቸውን ከልባቸው አውጥተው ነገሩን። በቀን 40 መኪና ይታጠባል፤ አንዱ በአማካይ 300 ብር ይከፍላል፤ እሑድ ዝግ ስለ ሆነ በወር 26 የሥራ ቀን አለ። ስለዚህ በወር 312 ሺህ ብር ይገባል ማለት ነው። አጣቢዎቹ የሚሠሩት በድርሻ ነው፤ ከአሥር ብር ሦስቱ የእነሱ ነው። ይህም 93,600 ብር ይሆናል። የግቢው ኪራይ 45 ሺህ፣ ሳሙናና ውሃ መብራቱም 25 ሺህ ብር ይፈጃል። የሚተርፈው 148,400 ብር ነው። «ልጄ፥ በአንድ ዓመት ዋጋውን ይመልስልሻል» አሏት። እውነትም በዚያ ቁጥር ከሄዱ ይመልሳል።

ደላላው ደግሞ «ነገ የሚመጣ ሌላ ሰው አለ» እያለ ይቁነጠነጥ ነበር። ነገ የሚመጣው ሌላ ሰው በየሽያጩ የማይቀር ሰው ነው፤ እኔ ግን በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ መጥቶ አላየሁትም።

በዚያን ዕለት ግቢው ሙሉ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ 9 መኪና ገባ። የእህቴ ልጅ ግን ስንወጣ እጄን ያዝ አድርጋ «ጋሼ፥ ሁለቱን መኪናዎች አይተዋቸዋል? ሳይታጠቡም ንጹሕ ነበሩ» አለችኝ። እኔ አላስተዋልኩም። ሰባት ዓመት ያጸዳች ዓይን የቆሸሸውንና ያልቆሸሸውን ከሩቅ ትለያለች።

እንግዲህ መቁጠር ጀመርን። ከላቫጆው ፊት ለፊት አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ከጧቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የገባውን መኪና ሁሉ በደብተር ምልክት አደረገች። 14 መኪና ገባ። ሐሙስ 16፣ ዓርብ 15፣ ቅዳሜ 27 ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር አንዳንድ ሰው እንደ ስለላ ይቆጥረው ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም፤ በአደባባይ የሚሠራ ሥራ በአደባባይ ቢቆጠር ማንንም አይበድልም። በሬ ሲያርስ ለማየት እርሻው ዳር የሚቆምን ሰው ሌባ የሚለው የለም።

ሽማግሌው ይህን ስንነግራቸው አልተቆጡም። «ሳምንቱ ቀዝቅዞ ነው» አሉ። ይህ ሊሆን የሚችል መልስ ነው፤ አንድ ሳምንት ዓመቱን አይመሰክርምና። ታዲያ ዓመቱን የሚመሰክር ማን ነው? የገቢ ደብተር ጠየቅናቸው፤ የጥርንና የግንቦትን አመጡልን። ጥርና ግንቦት የሠርግ ወራት ናቸው፤ ሚዜ ሁሉ መኪናውን የሚያሳጥበው ያን ጊዜ ነው። የሁዳዴውንና የክረምቱን ደብተር ስንጠይቅ ሊገኝ አልቻለም። በልደታ ደግሞ ክረምቱ ከሌላው ሰፈር ይልቅ ይከብዳል። መኪናውን ለዝናብ የሚተወው ሰው ብዙ ነው፤ በዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ በአመዛኙ ለዕረፍት ስለሚዘጋ ጠበቃውና ባለጉዳዩ ከሰፈሩ ይጠፋሉ።

ደብተር የሚጽፈው ሰው ነው፤ ሰውም የወደደውን ይጽፋል፤ ያልወደደውን ይተዋል። በዚያ ግቢ ግን ለማንም የማያደላ አንድ ጸሐፊ ነበር፤ ይኸውም የውሃ ቆጣሪው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢው ውስጥ 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ተሰቅሏል። የእህቴ ልጅ ሽማግሌውን አስፈቅዳ ሐሙስ ጧት ሮቶው ከሞላ በኋላ ከመንገድ የሚገባውን ቧንቧ ዘጋችው። ያ ውሃ ያለቀው ዓርብ ማታ ነው። በሁለቱ ቀን የታጠበው መኪና 31 ስለ ሆነ፣ አንድ መኪና በአማካይ 160 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጃል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ያለፉትን የ12 ወራት የውሃ ደረሰኞች አምጡልን አልናቸው። ሰው የገቢ ደብተር ቢጥል እንኳ የውሃ ደረሰኝ አይጥልም፤ ይቆረጥብኛል ብሎ ስለሚፈራ። ደረሰኞቹ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጠው ተገኙ። አንዱን ወር ከአንዱ ስናቻችለው በወር 72 ሜትር ኩብ ሆነ። አንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። 72 ሺህ ሊትር ለ160 ሲካፈል 450 መኪና ይሆናል፤ ለ26 ቀን ሲካፈል ደግሞ በቀን 17። የእህቴ ልጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የቆጠረችውም፣ አምስቱን የሥራ ቀን በ15 እና ቅዳሜን በ27 ይዘን ስናስበው፣ በቀን 17 ነበር።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ምስክር ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ የሁለት ምስክር ስምምነት ግን ጥቂት ጊዜ ነው ያጋጠመኝ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «ውሃ በፈረቃ ስለ ሆነ በቦቴ እገዛለሁ፤ ያ በቆጣሪው አይገባም» አሉ። ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች እየተቀዳ የሚመጣላት ውሃ ለሁሉ ስለማይበቃ በየሰፈሩ በተራ እንደሚታደል ሁላችንም እናውቃለን። የእህቴ ልጅ ግን በትሕትና እንዲህ አለቻቸው፤ «አባባ፥ የቀረውን 23 መኪና በቦቴ ውሃ የሚያጥቡ ከሆነ በየቀኑ ወደ 3,700 ሊትር ይገዛሉ ማለት ነው። የቦቴውን ወጪ ግን በነገሩን ሒሳብ ውስጥ አላገባነውም፤ እናግባው?» የቦቴ ውሃ ከቧንቧ ውሃ ምን ያህል እጥፍ እንደሚወደድ እሳቸው ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። መኪናው 40 ከሆነ ትርፉን ቦቴው ይበላዋል፤ ቦቴ ከሌለ ደግሞ መኪናው 17 ነው። ሽማግሌው ፈገግ አሉና ብርጭቋቸውን አነሡ።

ወጣቶች ሆይ፥ እኔ እኚህን ሰው ውሸታም አልላቸውም። ከስምንት ዓመት በፊት ሲጀምሩ በአካባቢው ሌላ ላቫጆ አልነበረም፤ ያን ጊዜ 40 መኪና አጥበው ይሆናል። ሰው የደጉን ቀን ቁጥር ይይዝና ሌላው ሲለወጥ እሱን ሳይለውጥ ይኖራል። ገዥ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከሌባ ብቻ አይደለም፤ ከቀና ሰው ትዝታም ጭምር ነው።

የሒሳቡ ሌላው ጉድለት ከዚህ ይልቅ የተደበቀ ነበር። ገንዘብ የሚቀበሉት የሽማግሌው ባለቤት ናቸው፤ ሌሊት የሚጠብቀው የወንድማቸው ልጅ ነው። ሁለቱም ደመወዝ የላቸውም፤ ስለዚህ በወጪው ውስጥ አልተጻፉም። የእህቴ ልጅ ግን ላቫጆውን ስትገዛ የሰውዬውን ሚስትና የወንድም ልጅ አብራ አትገዛም። ለሁለት ሰው በወር 12 ሺህ ብር መክፈሏ ነው። እንግዲህ እውነተኛው ሒሳብ እንዲህ ሆነ። 17 መኪና በ300 ብር በ26 ቀን 132,600 ብር ይሆናል። የአጣቢዎቹ ድርሻ 39,780 ሲነሣለት፣ ኪራዩ 45 ሺህ፣ ሳሙናውና መብራቱ ለዚህ ያህል መኪና 18 ሺህ፣ የሁለቱ ሰዎች ደመወዝ 12 ሺህ ሲወጣለት የሚተርፈው በወር 17,820 ብር ነው። በዚህ አካሄድ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር የሚመለሰው ከ8 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የእህቴ ልጅ ቁጥሩን ካየች በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። የራሷ ገንዘብ ሁሉ፣ ከዚያም ላይ የዘመድ 700 ሺህ ብር ብድር፣ በአንድ ፊርማ ሊሄድ እንደ ነበረ ገባት።

ቀጥሎ የተነሣው ጥያቄ የሚሸጠው ነገር በእርግጥ ምንድን ነው የሚል ነበር። መሬቱ አይደለም፤ የከተማ ቦታ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ነው። ግቢውም ቢሆን የሽማግሌው አይደለም፤ የተከራዩት ነው። በከተማችን ብዙ ላቫጆ የሚሠራው ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መንግሥት በጊዜያዊነት በሰጣቸው ቦታ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ የማኅበሩ አባል «ሸጥኩልህ» ቢል የሸጠው ነገር የለም፤ የራሱ ባልሆነ ነገር ላይ ገንዘብ ተቀበለ እንጂ። ደግነቱ ይህ ከዚያ ዓይነት አልነበረም። የንግድ ፈቃድም ከሻጭ ወደ ገዥ አይሻገርም፤ በገዥው ስም እንደገና መውጣት አለበት። ታዲያ የቀረው ምንድን ነው? ዕቃው፣ የኪራይ ውሉና ደንበኛው።

ሕጉ እንዲህ ያለውን ነገር «የንግድ መደብር» ይለዋል፤ ዋናው ነገርም መልካም ዝናው ነው፣ ማለትም ደንበኛ ወደዚያ የመምጣት ልማዱ። ይህ አሳብ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ተጽፎ የነበረ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ሕግ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው ነው። በዚያ በቀድሞው ሕግ ሽያጩ ለሕዝብ በጋዜጣ እንዲገለጥ የተደነገገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሻጩ ገንዘብ ያለባቸው ሰዎች ከመከፈላቸው በፊት ሀብቱ በስውር እንዳይተላለፍባቸው ነው። ሻጩም ሸጦ ሲያበቃ አጠገቡ ሌላ ከፍቶ ገዥውን እንዳይጎዳ ሕጉ ይከለክለው ነበር። ይህን ማወቅ የጠበቃ ሥራ ብቻ አይምሰላችሁ። አንድ ሰው የራሱን ደንበኛ ሁሉ ስም ያውቃል፤ ስልኩንም ይዟል፤ ከመቶ ሜትር ርቀት ላይ አዲስ በር ቢከፍት የሸጠላችሁ መልካም ዝና ተከትሎት ይሄዳል።

ዕቃውን የሚያውቅ መካኒክ ይዘን ሄድን። ከሁለቱ የግፊት ፓምፖች አንዱ አርጅቷል፤ ኮምፕሬሰሩ ደኅና ነው፤ የምንጣፍ መጥረጊያው ይሠራል። ሁሉም ተደምሮ 420 ሺህ ብር ያወጣል አለ። ዘይት መቀየሪያውን በሚመለከት ግን የእህቴ ልጅ አንድ ነገር ተናገረች። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ አዲስ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው። በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ይቆሽሻል፤ ስለዚህም ይታጠባል፤ የሞተር ዘይት ግን አያስቀይርም። እንግዲህ የዘይቱ ገቢ ዛሬ ባለበት ይቀጥላል ብሎ መግዛት ልክ አይደለም።

ውሉን ስናነብ የቀረው 8 ወር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ በ8 ዓመት የሚመለስ፣ ቦታው ግን በ8 ወር የሚለቀቅ ነገር ነው የተሸጠልን። ሽማግሌው «እትዬ ደግ ናቸው፤ ያድሱልሻል» አሉ። የሰው ደግነት በውል ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ ቡናና ስኳር ይዘን ባለ ግቢዋ ዘንድ ሄድን። ባለ ግቢዋ ከኋላ ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጆቻቸው ውጭ አገር ሆነው ግቢውን እናለማዋለን እያሉ ይጽፉላቸዋል። ከብዙ ጨዋታ በኋላ «4 ዓመት እፈርምልሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን የልጆቼ ነገር ስለ ሆነ አልችልም» አሉ። እኛም በወረዳው ጠይቀን ግቢው ለመንገድና ለኮሪደር ልማት ከተከለሉት ውስጥ አለመሆኑን አረጋገጥን። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ንግድ የሚገዛ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ቢገዛ ማንንም ሊወቅስ አይችልም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝን ነገር ያየሁት በግቢው ጀርባ ነው። ከማጠቢያው የሚወርደው ውሃ፣ ዘይቱና ግሪሱ እንዳለ፣ በአጥሩ ሥር በተቀበረ ቱቦ ወደ ታች ወዳለው ቦይ ይሄዳል፤ ቦዩም ወደ ወንዙ ይሄዳል። ወንዞቻችን ወደ አቃቂ ወርደው በዚያ ያለ ገበሬ ጎመኑን ያጠጣባቸዋል፤ ጎመኑም ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የከተማው አስተዳደርም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክለውን በከባድ ገንዘብ መቅጣት ጀምሯል። ደላላው «ይህን ማንም አያየውም» አለን። የእህቴ ልጅ ግን መድኃኒቱን ጠይቃ አገኘች፤ ከባድም አይደለም። በተከታታይ ሦስት ክፍል ያለው ጉድጓድ ይቆፈራል። በመጀመሪያው አሸዋውና ጭቃው ይዘቅጣል፤ በሁለተኛው ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ወደ ሦስተኛው የሚያልፈው ውሃ ከሥር በተቀመጠ ቱቦ ስለሚሄድ ዘይቱ ከላይ ይቀራል። ዘይቱ በየጊዜው ተቀድቶ በበርሜል ይጠራቀማል። ማሠሪያው 90 ሺህ ብር ነው። ይህም እንግዲህ የግዢው ዋጋ ክፍል ሆነ፤ ሻጩ ባይጽፈውም።

አጣቢዎቹ አራት ወጣቶች ናቸው። ቀስ ብለን ስናነጋግራቸው የሦስት ሳምንት ድርሻቸው፣ 27 ሺህ ብር የሚሆነው፣ እንዳልተከፈላቸው ነገሩን። በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ድርጅት ከእጅ ወደ እጅ ስለተላለፈ ብቻ የሠራተኛ ውል አይቋረጥም። ሕጉ ባይኖርም እንኳ እነዚህን ልጆች ማጣት መደብሩን ማጣት ነው። ደንበኛው የሚመጣው «ያ ልጅ አለ?» እያለ መሆኑን እህቴ ልጅ በርጩማዋ ላይ ሆና በጆሮዋ ሰምታለች።

አሁን የገበሬው ጥያቄ ቀረን፤ ለምን ይሸጣሉ? ይህን የነገረን ደላላው ነው፤ ያውም እንደ መልካም ዜና። ሽማግሌው ታመው ለሕክምና ገንዘብ ይፈልጋሉ። «ሰውዬው ቸኩለዋል፤ አሁን 400 ሺህ ብትሏቸው ይሰጣሉ» ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። የነጋዴ ሥርዓት ነው የሚል ይኖራል። እኔም እውነቱን ለመናገር የሰማሁትን ለእሷ ከመንገሬ በፊት አንድ ሌሊት አደርኩበት። እሷ ግን ስትሰማ ወዲያው «ዕቃው 420 ሺህ ያወጣል ከተባለ እንዴት አድርጌ 400 ሺህ እላቸዋለሁ? ሰው ሲታመም ፓምፑ አይረክስም» አለች። በሰው ቤት ሳለች ደመወዟን የሚቀንሱባት በምታመምበት ወር እንደ ነበረ ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም ነበር።

ስለዚህ በግልጥ ተቀመጥን። ወረቀቱን በሽማግሌው ፊት ዘርግታ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ለዕቃው 420 ሺህ፣ ለመልካም ዝናው 180 ሺህ፣ በድምሩ 600 ሺህ ብር እሰጣለሁ አለች። እሳቸው ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ «እኔ እኮ በየዓመቱ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ሳስብ ባለቤቴን እጠረጥር ነበር» አሉ። ባለቤታቸው ከአጠገባቸው ነበሩ፤ የሳቁት በመጀመሪያ እሳቸው ናቸው።

በ650 ሺህ ብር ተስማሙ። ግማሹ በፊርማው ቀን ሊሰጥ፣ ግማሹ ደግሞ ከግብር ዕዳ ነጻ የመሆናቸው ማስረጃ ሲመጣና የባለ ግቢዋ የ4 ዓመት ውል ሲፈረም ሊሰጥ ሆነ። የአጣቢዎቹ 27 ሺህ ብር ከዋጋው ላይ ተነሥቶ በዚያው ጠረጴዛ ለየእጃቸው ተቆጠረ። ከዘመድ ሊበደሩት የነበረው 700 ሺህ ብር ሳይነካ ቀረ። ደላላው ድርሻው በዋጋው ልክ ስለ ቀነሰበት ፊቱ ጠቆረ፤ ይሁን እንጂ ተቀብሎ ሄደ።

ይህ ግዢ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? የጉድጓዱ ማሠሪያ ሲጨመር ገንዘቡ የሚመለሰው በ3 ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ ውሉ ደግሞ 4 ዓመት ነው። ጠባብ ነው። እኔ ብሆን እተወው ነበር፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ። እሷ ግን ጠባቡን አውቃ ገባችበት፤ ደንበኛ መጨመር እንደምትችልም ታምናለች።

ሥራውን ከተረከበች በኋላ መጀመሪያ የሠራችው ያንን የአጥር ሥር ቱቦ መድፈንና ጉድጓዱን ማስቆፈር ነው። በቆጣሪው አጠገብ ደግሞ አንድ ደብተር በሲባጎ ተንጠልጥሏል። ማታ ማታ የቆጣሪውን ቁጥርና የታጠበውን መኪና ጎን ለጎን ትጽፋለች። በጥር 498 መኪና ታጥቦ 81 ሜትር ኩብ ውሃ ፈጀ፤ ያው እንደ ዱሮው አንዱ 160 ሊትር ገደማ ነው። ያረጀው ፓምፕ ሲቀየር ይህ ቁጥር መውረድ አለበት ትላለች፤ የሚያዝያው ደብተር ይታያል።